ጄምስ ቡካናን ኢድስ

ጄምስ ቡካናን ኢድስ (ሜይ 23 ቀን 1820 – ማርች 8 ቀን 1887 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ የመርከብ ሠሪና የፈጠራ ሰው ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የሰሜኑ መንግሥት በሚሲሲፒ ወንዝና በገባሮቹ ላይ ያሰለፋቸውን ብረት ለበስ የጦር ጀልባዎች ሠርቶ በማስረከብ ይታወቃል። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ በሴንት ሉዊስ ከተማ በስሙ የሚጠራውን የአረብ ብረት ድልድይ ገንብቷል፤ የሚሲሲፒን ወንዝ አፍም ለትልልቅ መርከቦች ክፍት አድርጓል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢድስ በምህንድስና ትምህርት ቤት አልተማረም። ስለ ወንዝ ያለውን እውቀት ያገኘው የሰመጡ መርከቦችን ጭነት ለማውጣት በወንዙ ወለል ላይ በእግሩ እየተራመደ ነው። የሠራቸው የጦር ጀልባዎች፣ ድልድዩና የወንዙ አፍ ግንባታ በዚህ እውቀት ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

ልጅነትና ወጣትነት

ኢድስ የተወለደው በኢንዲያና ግዛት፣ በኦሃዮ ወንዝ ዳር በምትገኘው ሎረንስበርግ ከተማ ነው። ስሙ የወጣለት በእናቱ ዘመድ በጄምስ ቡካናን ሲሆን፣ እኚህ ሰው በኋላ የአሜሪካ 15ኛው ፕሬዚዳንት ሆነዋል። አባቱ በንግድ ስላልቀናው ቤተሰቡ ከሲንሲናቲ ወደ ሉዊቪል፣ ከዚያም ወደ ሴንት ሉዊስ ተዛውሯል።

በ1833 ቤተሰቡን ወደ ሴንት ሉዊስ ያደረሰው የእንፋሎት መርከብ ወደቡ ላይ ሲደርስ ተቃጠለ። ሕይወታቸው ቢተርፍም ንብረታቸው ሁሉ ወደመ። የ13 ዓመቱ ኢድስ ትምህርቱን አቋርጦ በከተማው ጎዳና ላይ ፖም እያዞረ መሸጥ ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። ነጋዴው የልጁን የመማር ፍላጎት ስላየ የግል መጻሕፍቱን እንዲያነብ ፈቀደለት። ኢድስ ሒሳብና የመካኒክ ትምህርትን ያጠናው ከሥራ በኋላ ማታ ማታ በእነዚህ መጻሕፍት ነው።

ወደ 18 ዓመት ገደማ ሲሆነው በወንዝ የእንፋሎት መርከብ ላይ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። ከሠራባቸው መርከቦች አንዷ በ1839 የእርሳስ ማዕድን እንደጫነች በውሃ ውስጥ ካለ ግንድ ጋር ተጋጭታ ሰመጠች። በዚያ ዘመን በሚሲሲፒ ላይ መርከብ መስመጥ የተለመደ ነገር ነበር። ጎርፍ ነቅሎ ያመጣቸው ትልልቅ ዛፎች ሥራቸው በጭቃ ተቀብሮ፣ ጫፋቸው ከውሃው በታች ተደብቆ ይቆያል፤ የመርከቦቹ የእንጨት ሆድ በእነሱ ይቀደድ ነበር። ጭነቱ ወለሉ ላይ ይቀራል፤ የመድን ድርጅቶችም ኪሳራውን ይከፍላሉ።

በወንዙ ወለል ላይ

በ1842 የ22 ዓመቱ ኢድስ በሴንት ሉዊስ ወደሚገኙ ጀልባ ሠሪዎች የአንድ ልዩ ጀልባ ንድፍ ይዞ ሄደ። ጀልባዋ የሰመጠ ዕቃ ማንሻ ክሬንና ፓምፕ እንዲሁም ጠላቂ የሚወርድበት የመጥለቂያ ደወል ያላት ነበረች። ገንዘብ ስላልነበረው ጀልባዋን ሠርተው የሥራው ሸሪክ እንዲሆኑ ጠየቃቸው፤ እነሱም ተስማሙ።

የመጥለቂያ ደወል ከታች ክፍት የሆነ ትልቅ ዕቃ ነው። አፉን ወደ ታች አድርጎ ወደ ውሃ ሲወርድ አየሩ ውስጡ ታምቆ ይቀራል። ከላይ በፓምፕ አየር እየተጨመረ ሰው በውስጡ ሆኖ መሥራት ይችላል። ጀልባዋ ገና በሥራ ላይ ሳለች ኢድስ የሰመጠ የእርሳስ ጭነት የማውጣት ሥራ አገኘ። የተቀጠረው ጠላቂ የለበሰው የመጥለቂያ ልብስ የወንዙን ኃይለኛ ፍሰት መቋቋም አልቻለም። ኢድስ አንድ ትልቅ የዊስኪ በርሜል ገዝቶ፣ ክብደት አስሮበትና የአየር ቱቦ አስገብቶለት ደወል አደረገው። ጠላቂው ለመውረድ ስለፈራ በመጀመሪያ የወረደው ኢድስ ራሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ኢድስ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ወደ ወንዙ ወለል ወርዷል። ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ከታች ምንም አይታይም፤ የሚሠራው በእጅና በእግር ዳሰሳ ነው። በዚህ ሥራ በጎርፍ ጊዜ የወንዙ ወለል እንደማይረጋ ተረዳ። አሸዋው በነፋስ እንደሚነዳ አቧራ በብዙ ሜትር ውፍረት ከውሃው ጋር ይጓዛል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ደግሞ መልሶ ይረጋል። ይህ እውቀት ከ20 ዓመት በኋላ ለድልድዩ መሠረት ሆኖታል።

ኢድስ በ1845 ማርታ ዲሎንን አገባ። ከቤቱ ላለመራቅ ሲል የወንዙን ሥራ ትቶ በሴንት ሉዊስ የመስታወት ፋብሪካ ከፈተ። ፋብሪካው ግን ከስሮ 25,000 ዶላር ዕዳ ጣለበት። ኢድስ ወደ ወንዙ ተመልሶ ዕዳውን ሠርቶ ከፈለ። በ1852 ማርታ በኮሌራ ሞተች፤ እሱም ከሁለት ዓመት በኋላ ዩኒስ ኢድስን አገባ። በ1857 ጤናው ስለተዳከመ በ37 ዓመቱ ሀብታም ሰው ሆኖ ከሥራ ተገለለ።

ጦርነቱና የጀልባዎቹ ውል

በኤፕሪል 1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሳ ሚሲሲፒ ከሁለቱም ወገን ዋና የመጓጓዣ መስመር ነበር። የሰሜኑ ጦር አዛዥ ዊንፊልድ ስኮት ያቀረበው ዕቅድ የደቡብን ወደቦች በባሕር ኃይል መዝጋትና ሚሲሲፒን ተቆጣጥሮ ደቡብን ለሁለት መክፈል ነበር። ይሁንና ለውቅያኖስ የተሠሩት የጦር መርከቦች ለወንዙ ጥልቀት አይመጥኑም። በወንዙ ላይ ያሉት የእንፋሎት መርከቦች ደግሞ ከስስ እንጨት የተሠሩ ስለሆኑ አንድ የመድፍ ጥይት ሊያሰምጣቸው ይችላል።

የሊንከን መንግሥት ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ኤድዋርድ ቤትስ የሚዙሪ ሰውና የኢድስ ወዳጅ ነበር። ጦርነቱ በተጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ኢድስን ወደ ዋሽንግተን ጠራው። ኢድስም ስለ ወንዙ ያለውን ሐሳብ ለመንግሥቱ ሹማምንት አቀረበ። በበጋው ሰባት ብረት ለበስ ጀልባዎች እንዲሠሩ ጨረታ ሲወጣ እሱ አሸነፈ። ኦገስት 7 ቀን 1861 በተፈረመው ውል እያንዳንዷ ጀልባ 89,600 ዶላር እንድትፈጅ፣ ሰባቱም እስከ ኦክቶበር 10 ተጠናቀው እንዲረከቡ ተወሰነ። ይህም ከሁለት ወር ጥቂት ቀናት ብቻ የሚበልጥ ጊዜ ነበር። ለሚዘገይባቸው ቀናት ኢድስ ቅጣት ይከፍላል።

ውሉ ሲፈረም የጀልባዎቹ እንጨት ገና ከጫካ አልተቆረጠም፤ ብረቱም ገና አልተዳመጠም። ኢድስ በቴሌግራፍ በብዙ ግዛቶች ያሉ የእንጨት መሰንጠቂያዎችን፣ የብረት ማቅለጫዎችንና የማሽን ፋብሪካዎችን አሰማራ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሠራተኞች በፈረቃ ሌሊትና ቀን፣ እሑድን ጨምሮ ይሠሩ ጀመር። አራቱ ጀልባዎች ከሴንት ሉዊስ በስተደቡብ ባለችው ካሮንዴሌት፣ ሦስቱ ደግሞ በኢሊኖይ ግዛት በማውንድ ሲቲ ተሠሩ። የመጀመሪያዋ ጀልባ ሴንት ሉዊስ ኦክቶበር 12 ቀን 1861 ውሃ ላይ ወረደች።

በሥራው መካከል የንድፍ ለውጥ ይደረግ ስለነበርና የመንግሥት ክፍያም በጊዜው ስላልደረሰ ሰባቱ ጀልባዎች አገልግሎት የጀመሩት በጃንዋሪ 1862 ነው። በዚህ መካከል ኢድስ ሥራው እንዳይቆም የራሱን ገንዘብ አወጣ፤ ከወዳጆቹም ተበደረ። ጀልባዎቹ የመጀመሪያውን ውጊያ ሲያደርጉ ሙሉ ዋጋቸው ገና አልተከፈለውም ነበር።

የጀልባዎቹ አሠራር

የሰባቱ ጀልባዎች ስም በወንዞቹ ዳር ካሉ ከተሞች የተወሰደ ነው። እነሱም ሴንት ሉዊስ (በኋላ ባሮን ዴካልብ ተብላለች)፣ ካሮንዴሌት፣ ሉዊቪል፣ ፒትስበርግ፣ ኬሮ፣ ሲንሲናቲና ማውንድ ሲቲ ናቸው። የጀልባዎቹን አካል የነደፈው ሳሙኤል ፑክ ሲሆን፣ ቅርጻቸው ኤሊ ስለሚመስል ወታደሮች የፑክ ኤሊዎች ይሏቸው ነበር።

እያንዳንዷ ጀልባ 53 ሜትር ያህል ርዝመትና 15 ሜትር ተኩል ገደማ ስፋት ነበራት። ውሃ ውስጥ የሚገባው ክፍል ግን 1.8 ሜትር ብቻ ስለሆነ ጥልቀት በሌላቸው ገባሮች ላይ መሄድ ትችላለች። 13 መድፎች ሲኖሯት፣ ሦስቱ ወደ ፊት፣ በየጎኑ አራት አራት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ ያነጣጥራሉ። መቅዘፊያ መንኮራኩሯ ከጥይት እንዲጠበቅ ከኋላ በኩል በጀልባዋ መሃል ተሸፍኖ ተቀምጧል። አምስት ቦይለሮች እንፋሎት ይሰጧታል። የባሕረኞቹ ቁጥር ወደ 250 ይጠጋ ነበር።

የመድፎቹ ክፍል ግድግዳ የመጣው ጥይት ነጥሮ እንዲያልፍ ወደ ውስጥ የተጋደመ ነው። በላዩ የተለበጠው የብረት ዝርግ ስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ውፍረት አለው። ነገር ግን ብረቱ ጀልባዋን በሙሉ አይሸፍንም። ክብደቱ በዛ ማለት ጀልባዋ ወደ ታች ጠልቃ ከወንዙ ወለል ጋር ትያያዛለች ማለት ነው። ስለዚህ ብረቱ የተለበጠው በፊት ለፊትና በሞተሮቹ አጠገብ ባለው ጎን ላይ ነበር። የኋላ ክፍሏ፣ ጣሪያዋና ከውሃ በታች ያለው የእንጨት ሆዷ መከላከያ አልነበራቸውም። ጀልባዎቹ የታሰቡት አፍንጫቸውን ወደ ጠላት አዙረው እንዲዋጉ ነው።

ከሰባቱ ሌላ ኢድስ ቀደም ሲል የወንዝ ግንዶችን ለማውጣት ይጠቀምባት የነበረችው ትልቅ ጀልባ ቤንተን ተብላ ወደ ብረት ለበስ ጀልባ ተቀየረች። 16 መድፎች የታጠቀችው ቤንተን የጓዱ ጠንካራዋ ጀልባ ሆና የአዛዡ መቀመጫ ሆናለች።

ጀልባዎቹ በጦርነቱ

የጀልባዎቹ ጓድ የመጀመሪያ የውጊያ አዛዥ አንድሩ ፉት ነበር። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1862 ሲንሲናቲ፣ ካሮንዴሌት፣ ሴንት ሉዊስና ኤሴክስ የተባለችው ሌላ ብረት ለበስ ጀልባ በቴኔሲ ወንዝ ላይ ያለውን ፎርት ሄንሪ የተባለ ምሽግ ደበደቡ። ምሽጉ የተሠራው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ስለነበር የወንዙ ሙላት ገብቶበት ነበር። ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ፣ የጄኔራል ዩሊሲስ ግራንት እግረኛ ጦር ሳይደርስ ምሽጉ ለፉት እጁን ሰጠ። ሲንሲናቲ ወደ 30 ጊዜ ያህል ብትመታም አልሰመጠችም። የኤሴክስ ቦይለር ግን በጥይት ተበስቶ የፈላው እንፋሎት በውስጧ የነበሩትን ብዙ ሰዎች ገደለ፤ አቃጠለም።

ከስምንት ቀን በኋላ በከምበርላንድ ወንዝ ላይ በፎርት ዶነልሰን የተደረገው ውጊያ ውጤቱ ሌላ ሆነ። ይህ ምሽግ ከወንዙ በላይ ከፍ ባለ ገደል ላይ ስለነበር ጥይቱ ከላይ ወደ ታች፣ ብረት ወዳልለበሰው ጣሪያ ይወርድ ነበር። ፉት እጅግ ተጠግቶ በመዋጋቱ ሴንት ሉዊስ 59 ጊዜ ተመታች፤ መሪዋን የያዘው ሰው ተገደለ፤ ፉት ራሱ እግሩ ላይ ቆሰለ። ጀልባዎቹ መሪያቸው ተበላሽቶ ከወንዙ ፍሰት ጋር ወደ ኋላ ተመለሱ። ምሽጉ ከሁለት ቀን በኋላ የተያዘው በግራንት እግረኛ ጦር ነው። ፉት ከቁስሉ በደንብ ስላላገገመ በሜይ ወር አዛዥነቱን ለቀቀ፤ በተከታዩ ዓመትም አረፈ።

በሚሲሲፒ ላይ የደቡብ ጦር 10 ቁጥር የተባለችውን ደሴት በመድፍ አጥሯት ነበር። በጄኔራል ጆን ፖፕ የሚመራው የሰሜን ጦር ከደሴቷ በታች ወንዙን ለመሻገር የጦር ጀልባ ያስፈልገዋል። ጀልባ ግን ወደዚያ የሚደርሰው በመድፎቹ ሥር ካለፈ ብቻ ነው። የካሮንዴሌት አዛዥ ሄንሪ ዎክ ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ሆነ። ባሕረኞቹ ደካማ ጎኖቿን በሰንሰለት፣ በግንድና ድርቆሽ በጫነ ጀልባ ጋረዱ፤ የእንፋሎቱ ጩኸት እንዳይሰማም መውጫውን አዞሩት። ኤፕሪል 4 ቀን 1862 በሌሊት፣ መብረቅና ዝናብ በሚወርድበት ሰዓት ካሮንዴሌት ጉዞ ጀመረች። በጭስ ማውጫዋ ውስጥ ያለው ጥላሸት ተቀጣጥሎ ለጠላት ቢያጋልጣትም ሳትጎዳ አለፈች። ከሁለት ሌሊት በኋላ ፒትስበርግ ተከተለቻት። የፖፕ ጦር ወንዙን ተሻገረ፤ ደሴቷና በአካባቢዋ ያለው የደቡብ ጦርም እጁን ሰጠ።

ሜይ 10 ቀን በፕለም ፖይንት በተባለ ቦታ የደቡብ ጦር ገጭ መርከቦች ድንገት ደርሰው ሲንሲናቲንና ማውንድ ሲቲን ከውሃ በታች ባለው የእንጨት ሆዳቸው መቷቸው። ሁለቱም ሰመጡ፤ ነገር ግን ውሃው ጥልቀት ስላልነበረው ወጥተው ተጠገኑ። ጁን 6 ቀን ቤንተንና አራቱ የኢድስ ጀልባዎች ከሰሜኑ ገጭ መርከቦች ጋር ሆነው በሜምፊስ ከተማ ፊት ለፊት የደቡብን የወንዝ ኃይል ደመሰሱት። ከስምንቱ የደቡብ መርከቦች ያመለጠችው አንዷ ብቻ ናት። ሜምፊስም በዚያው ዕለት ተያዘች።

ከ11 ቀን በኋላ የደረሰው ግን በጀልባዎቹ ታሪክ ከሁሉ የከፋው ነው። ጁን 17 ቀን በአርካንሶ ግዛት፣ በዋይት ወንዝ ላይ በሴንት ቻርልስ አጠገብ አንድ ጥይት የማውንድ ሲቲን ግድግዳ በስቶ የእንፋሎት ማጠራቀሚያዋን መታ። ከ170 በላይ ከነበሩት ባሕረኞች ከ100 በላይ የሚሆኑት በእንፋሎት ተቃጥለው፣ ውሃ ውስጥ ሰጥመው ወይም ሲዋኙ በጥይት ተመትተው ሞቱ። ብረቱ ጥይትን ለማስቆም ከሳሳ፣ የተዘጋው ክፍል ሰውን ከእንፋሎቱ ጋር የሚያቆልፍ ወጥመድ ይሆናል።

ጁላይ 15 ቀን ደግሞ ካሮንዴሌት ያዙ በተባለው የሚሲሲፒ ገባር ላይ አርካንሶ ከተባለችው የደቡብ ብረት ለበስ መርከብ ጋር ተገናኘች። ዎክ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ስለተዋጋ ብረት ያልለበሰው የኋላ ክፍሏ ለጥይት ተጋለጠ። መሪዋ ተበጥሶ ወደ ዳር ወጣች፤ አርካንሶም አልፋት ሄደች።

የኬሮ መስመጥና የቪክስበርግ ከበባ

ጀልባዎቹ መጀመሪያ በምድር ጦሩ ሥር ነበሩ፤ ከኦክቶበር 1862 ጀምሮ ወደ ባሕር ኃይሉ ተዛወሩ። ዴቪድ ፖርተርም አዛዣቸው ሆነ። በዚያን ጊዜ በወንዙ ላይ የቀረው ዋናው የደቡብ ምሽግ ቪክስበርግ ነበር።

ዲሴምበር 12 ቀን 1862 ኬሮ ወደዚያ የሚወስደውን የያዙ ወንዝ ከፈንጂ ለማጽዳት ከሌሎች ጀልባዎች ጋር ተሰማራች። የደቡብ ሰዎች ባሩድ የተሞሉ ትልልቅ የመስታወት ገምቦዎችን በውሃው ውስጥ ደብቀው ነበር። ሁለት ፍንዳታዎች የእንጨት ሆዷን ቀደዱት። ኬሮ በ12 ደቂቃ ውስጥ ሰመጠች፤ አዛዥዋ ቶማስ ሰልፍሪጅና ባሕረኞቹ ግን ሁሉም ተረፉ።

ኤፕሪል 16 ቀን 1863 በሌሊት ቤንተን፣ ሉዊቪል፣ ማውንድ ሲቲ፣ ፒትስበርግና ካሮንዴሌት ከሌሎች መርከቦች ጋር በቪክስበርግ መድፎች ሥር አለፉ። ከአሥራ አራት ቀን በኋላ የግራንት ጦር ከከተማዋ በታች ወንዙን እንዲሻገር ያስቻለው ይህ ጉዞ ነው። በከበባው ጊዜ ሜይ 27 ቀን ሲንሲናቲ በከተማዋ መድፎች ተመትታ ለሁለተኛ ጊዜ ሰመጠች፤ በኋላም እንደገና ወጣች። ቪክስበርግ ጁላይ 4 ቀን 1863 እጇን ሰጠች። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ባሮን ዴካልብ በያዙ ሲቲ አጠገብ በፈንጂ ሰመጠች።

ከሰባቱ ጀልባዎች ጨርሰው የጠፉት ኬሮና ባሮን ዴካልብ ናቸው። ሁለቱንም ያሰመጣቸው መድፍ ሳይሆን፣ ብረት ባልለበሰው ሆዳቸው ሥር የፈነዳ ፈንጂ ነው። የቀሩት አምስቱ ጦርነቱን ጨርሰው ከዚያ በኋላ ተሸጡ።

ዟሪ ማማ ያላቸው ጀልባዎች

ኢድስ ከመጀመሪያዎቹ ውጊያዎች በኋላ መድፎቹ በዟሪ የብረት ማማ ውስጥ የሆኑ ጀልባዎች ሠራ። ኦሴጅና ኒዮሾ አንድ አንድ ማማ ነበራቸው። ቀጥለው የተሠሩት ሚልዋኪ፣ ዊኔቤጎ፣ ቺካሶና ኪካፑ ደግሞ ሁለት ሁለት ማማ ያላቸው ሲሆኑ፣ ከሁለቱ አንዱ የኢድስ የራሱ ፈጠራ ነው። በዚህ ማማ መድፎቹን የሚያንቀሳቅሰው እንፋሎት ነበር።

ኦሴጅን በ1864 በሬድ ወንዝ ዘመቻ የመራት ኬሮ የሰመጠችበት ቶማስ ሰልፍሪጅ ነው። ኦገስት 5 ቀን 1864 በሞቢል የባሕር ወሽመጥ ውጊያ ላይ ዊኔቤጎና ቺካሶ ተሳትፈዋል። ቺካሶ ቴኔሲ የተባለችውን የደቡብ ብረት ለበስ መርከብ ከኋላ ተከታትላ በመደብደብ እጇን እንድትሰጥ አድርጋለች። ይሁንና ከውሃ በታች ያለው አደጋ መፍትሔ አላገኘም፤ ሚልዋኪና ኦሴጅ በማርች 1865 በአንድ ቀን ልዩነት በፈንጂ ሰመጡ።

የሴንት ሉዊስ ድልድይ

ከጦርነቱ በኋላ ሴንት ሉዊስ የባቡር መስመር የሚያሻግር ድልድይ ፈለገች። ከዚያ በፊት ድልድይ ሠርቶ የማያውቀው ኢድስ በ1867 የሥራው ዋና መሐንዲስ ሆነ። የወንዙ አሸዋ በጎርፍ ጊዜ እንደሚጓዝ ስላወቀ የድልድዩ ምሰሶዎች ከአሸዋው በታች ባለው ቋጥኝ ላይ መቆም አለባቸው አለ።

ለዚህም ኬሶን የተባለውን፣ ከታች ክፍት የሆነና የታመቀ አየር የሚሞላበት ትልቅ ክፍል ተጠቀመ። አሠራሩ በወጣትነቱ ከተጠቀመበት ደወል ጋር አንድ ነው። ሠራተኞች በውስጡ ሆነው አሸዋውን ሲቆፍሩ ምሰሶው ከላይ እየተገነባ ይወርዳል። ጥልቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ከኬሶኑ የሚወጡ ሠራተኞች መገጣጠሚያቸውን ያማቸው፣ እግራቸው ይሰንፍ ጀመር። ከፍተኛ የአየር ግፊት ካለበት ቦታ በፍጥነት ሲወጣ በደም ውስጥ የተሟሟው ናይትሮጅን አረፋ እንደሚሆን በወቅቱ አይታወቅም ነበር። ከ10 በላይ ሠራተኞች በዚህ ሕመም ሞቱ። ኢድስ የሥራውን ሰዓት አሳጠረ፤ ሐኪምም ቀጠረ። ሐኪሙ አልፎንስ ጃሚኔ ራሱ ታሞ ለጥቂት ከሞት ተርፏል።

ድልድዩ ሦስት የአረብ ብረት ቅስቶች አሉት፤ የመሃለኛው 158 ሜትር ያህል ይዘረጋል። አረብ ብረት በእንዲህ ያለ ትልቅ ድልድይ ላይ ዋና የግንባታ ቁስ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። የብረቱን ሥራ የያዘው የአንድሩ ካርኔጊ ኩባንያ ሲሆን፣ ኢድስ የጥራት ፈተናውን ያላለፈ ብረት ይመልስ ስለነበር ከኩባንያው ጋር በተደጋጋሚ ተከራክሯል። ድልድዩ ጁላይ 4 ቀን 1874 ተመረቀ። ከምረቃው በፊት 14 የባቡር ሎኮሞቲቮች በላዩ ላይ ተነድተው ጥንካሬው ለሕዝብ ታይቷል።

የሚሲሲፒ አፍ

ሚሲሲፒ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በሚገባበት ቦታ ደለል እየቆለለ የኒው ኦርሊየንስን ወደብ ይዘጋ ነበር። የሠራዊቱ ዋና መሐንዲስ ጄኔራል አንድሩ ሃምፍሪስ ቦይ እንዲቆፈር ይፈልግ ነበር። ኢድስ ግን ወንዙ ራሱን እንዲጠርግ ማድረግ ይቻላል ሲል ተከራከረ። ውሃው በጠባብ መንገድ ቢሄድ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ፈጣን ውሃ ደግሞ አሸዋውን ይዞ ይሄዳል።

በ1875 ኮንግረሱ በሳውዝ ፓስ በተባለው ቅርንጫፍ እንዲሠራ ፈቀደለት። ክፍያው ግን የሚፈጸመው የተወሰነው ጥልቀት ከተገኘ በኋላ ብቻ ነበር፤ ካልተሳካ ኪሳራው የእሱ ነው። ኢድስ የአኻያ ቅርንጫፎችን እንደ ፍራሽ አስሮ፣ በድንጋይ አስምጦ ሁለት ትይዩ ግድቦች ሠራ። በ1879 ጥልቀቱ ወደ ዘጠኝ ሜትር ደረሰ፤ ትልልቅ የውቅያኖስ መርከቦችም ወደ ኒው ኦርሊየንስ መግባት ቻሉ።

የመጨረሻ ዓመታት

በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ኢድስ የፓናማን ቦይ ሐሳብ ተቃውሞ፣ በሜክሲኮ በቴዋንቴፔክ በኩል ሙሉ መርከቦችን ከአንዱ ውቅያኖስ ወደ ሌላው የሚያሻግር የባቡር ሐዲድ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ሳይፈጸም ማርች 8 ቀን 1887 በባሃማስ ዋና ከተማ በናሶ በ66 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው በሴንት ሉዊስ ቤልፎንቴን መቃብር ነው።

መታሰቢያ

በ1884 የእንግሊዝ የኪነ ጥበባት ማኅበር የአልበርት ሜዳልያን ሸልሞታል፤ ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ነው። በሚሲሲፒ አፍ የምትገኘው ፖርት ኢድስና በኮሎራዶ ግዛት ያለችው ኢድስ ከተማ በስሙ ተሰይመዋል። የሴንት ሉዊሱ ድልድይ ከ150 ዓመት በኋላም የከተማውን ቀላል ባቡርና መኪናዎችን ያሻግራል።

ከሰባቱ ጀልባዎች ዛሬ የምትታየው ኬሮ ናት። በ1956 ኤድዊን ቤርስና ባልደረቦቹ በኮምፓስ እየፈለጉ በያዙ ወንዝ ጭቃ ውስጥ አገኟት፤ በ1964 ተቆራርጣ ወጣች። አሁን በቪክስበርግ ብሔራዊ ወታደራዊ ፓርክ ተጠግና ቆማለች። መድፎቿና ቦይለሮቿ እንዲሁም ባሕረኞቹ በ12 ደቂቃ ውስጥ ትተዋቸው የወጡት የመመገቢያና የግል ዕቃዎች ከመቶ ዓመት በላይ በጭቃ ውስጥ ተጠብቀው ቆይተዋል። ጎብኚው የብረቱ ልባጥ ከየት ተነስቶ የት ላይ እንደሚያልቅ ቀርቦ መመልከት ይችላል።